ወፍ ያየችው ሰው

እናኑ ያን ዕለት ያየችው አንድ ትከሻ ብቻ ነበር። ይህን ከመነሻው አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ እሷ ራሷ ኋላ ልትይዘው አልቻለችምና።

የጥቅምት መጨረሻ ነው። ከማንኩሳ ገበያ ጨውና ሳሙና ገዝታ፣ ከሴቶቹ ኋላ ቀርታ ብቻዋን ስትመለስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከወንዙ መሻገሪያ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጣች። ቁልቁል ስታይ አንድ ረዘም ያለ ሰው ከመሻገሪያው ወጥቶ ወደ ባሕር ዛፎቹ ያቀናል። ጋቢውን አጣጥፎ በግራ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ጀርባውን ሰጥቷታል፤ እሱም አልዞረም፣ እሷም አልተጣራችም። በዚያ ሰዓት ማንነቱን ያልለየችውን ወንድ የምትጣራ ሴት የለችም። በታችኛው በኩል ድንጋይ ድንጋዩን ረግጣ ተሻገረችና ቤቷ ገባች። በማግስቱ ጧት ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች እጅጉ የሚባለውን ገበሬ ከመሻገሪያው ሥር ሞቶ አገኙት፤ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ግማሽ ገላው ውኃ ውስጥ ሆኖ።

ከፍኖተ ሰላም ፖሊሶች መጡ። ጠየቁ፣ ጻፉ፣ አስከሬኑን አስመረመሩ። ያገሩ ሰው እንደ ልማዱ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ሸኛቸው። ለፖሊስ መናገር ስምን አደባባይ ማስጣት ነው፤ የሟች ወንድም ደግሞ አዛናው ነው፤ ጠመንጃው ከቀኝ ትከሻው የማይወርድ፣ ሲስቅ ጥርሱ እንጂ ዓይኑ የማይስቅ ሰው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና አውጫጭኝ ይቀመጥ አሉ።

አውጫጭኝ ሲባል ከየጎጆው አንድ ሰው ሳይቀር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ስብሰባው ሳያበቃ ማንም ወደ እርሻውና ወደ ገበያው አይሄድም። ከዋርካው ራቅ ብለው የተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ሰው አንድ በአንድ እየሄደ በጆሯቸው የሚያውቀውን ሹክ ይላል። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ለሕዝቡ ያሰማሉ፤ ማን እንደተናገረ ግን አይወጣም። ወፍ እንዲህ አለች ነው የሚባለው። ወፍ ስም የላትም፣ ወፍ ላይ ቂም የሚይዝ የለም። ፈሪውን ደፋር ለማድረግ የተበጀ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጥፋቱም የተደበቀው እዚያው ዘዴው ውስጥ ነበር። ወፏ ስም ስለሌላት፣ ያየችውን ትናገር ሌላዋ ወፍ ያለችውን ሰምታ ትናገር የሚለይ የለም።

እናኑ ባሏ ከሞተባት ወዲህ የጎጆው ራስ እሷ ስለሆነች ከወንዶቹ ጋር ተሰልፋ ሄደች። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ታላቅ የሆኑት አያ ዓለምብርሃን ጆሯቸውን አዘነበሉላት። ከመሻገሪያው ሲወጣ ሰው ማየቷን፣ ጋቢውን በግራ ትከሻው መጣሉን ነገረቻቸው።

“ፊቱንስ አየሽው?” አሏት።

“ኸረ አላየሁም ጌታየ፤ ጀርባውን ነው።”

“ቁመቱስ?”

“ረዘም ያለ ነው።”

አያ ዓለምብርሃን ወደ ዋርካው ዞር ብለው አዩ። “ወንዳወቅን ያህላል?”

“ያህላል መሰለኝ” አለች።

እንግዲህ ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ክፉ ሰው ቢሠራው ባልከፋ። የወንዳወቅ ስም ምላሳቸው ላይ የመጣው ሁሉም ሰው ልብ ውስጥ ስለነበረ ነው። ወንዳወቅ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ቢሮክራት፣ ማለትም የደርግ ሹም የነበረ፣ ተብሎ አራት ጥማድ ብቻ ቀረለት፤ ከወንዙ ዳር ያለው ለም ማሳው ተቆርሶ ለእጅጉ ደረሰው። ወንዳወቅ በዚያ ማሳ አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን እንደሚያዞር አገር ያውቃል። እጅጉ ሞተ ሲባል፣ ማንም ምንም ሳያይ፣ እያንዳንዱ ሰው በልቡ የወንዳወቅን ቦታ አሰናድቶለት ነበር። የጎደለው የሚቀመጥበት አካል ብቻ ነው።

አያ ዓለምብርሃን ተመልሰው ቆሙና አሰሙ። “ወፍ አየች። ረዥም ሰው፣ ጋቢውን በግራ ትከሻው የጣለ፣ ኸመሻገሪያው ሲወጣ አየች። ወንዳወቅን ያህላል አለች።” መሰለኝ የምትለዋ ቃል ከእናኑ አፍ እስከ ዋርካው ድረስ ባለው መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ሕዝቡ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ወንዳወቅ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ እጆቹን ተመለከተ። ወንዳወቅ የእናኑ አበልጅ ነው። ሚስቱ ሠርክአዲስ የእናኑን ልጅ ውዳሴን ክርስትና ያነሳች፣ ስትዳር እንደ እናት ያለቀሰች ሴት ናት። እናኑ፣ እኔ እሱ ነው መቼ አልኩ፣ ያህላል ነው ያልኩት እያለች ራሷን እያጽናናች ወደ ቤቷ ሄደች።

በሁለተኛው እሑድ ወፎቹ በዙ። አንዷ ወፍ ወንዳወቅ ዱላውን በወንዙ ሲያጥብ አየሁ አለች፤ ሌላዋ ባቱ ድረስ ጭቃ ነክቶት ሲያልፍ አየሁ አለች። ውሸታሞች ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ፤ ውሸት አንድ ቀን ይወጣል። እነዚህ ግን አምነው ነው የተናገሩት። አንዱ በእርግጥ ወንዳወቅን በዚያ መንገድ ባቱ ጨቅይቶ አግኝቶታል፤ በየትኛው ገበያ ቀን እንደሆነ ግን ልቡ ሲፈልግ ቆይቶ በተፈለገው ቀን ላይ አስቀመጠለት። ሰው ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ሲያወራ ከከረመ ወሬው መልክ ያወጣል፤ መልክ ካወጣ ደግሞ እንደታየ ነገር ነው።

እናኑም ይህን ስትሰማ እፎይ አለች፤ ክፉው እፎይታ ይህ ነው። ለካ ሌላም ሰው አይቶታል፣ ለካ ዓይኔ አልዋሸኝም አለች። የሰማችው ያንኑ የራሷን ቃል መሆኑን፣ ዞሮ ዞሮ ጌጥ ተጨምሮበት ወደ እሷ መመለሱን አላወቀችም። ከዚያ ወዲያ ውኃ ስትቀዳም እሳት ስትቆሰቁስም ያን ሰው ታየዋለች። ከመሻገሪያው ይወጣል፣ ጋቢው በግራ ትከሻው ነው፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ያቀናል፤ ከዚያ ግን ዞር ይላል። መጀመሪያ የጢሙ ጫፍ፣ በሌላ ቀን የጉንጩ ጠባሳ፣ በመጨረሻ መላው ፊት። ወንዳወቅ ነው።

በሦስተኛው እሑድ አያ ዓለምብርሃን ጆሯቸውን ሲያዘነብሉላት ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ፊቱን አየሽው ወይ ሲሏት፣ “ዞር ሲል አየሁት፤ ወንዳወቅ ነው” አለች። የእግዜር እውነት፣ አልዋሸችም።

ያን ቀን ብዙ ወፎች ስሙን ጠሩ። ወንዳወቅ ተነስቶ አላደረግሁም አለ። የት ነበርክ ቢሉት፣ ማንኩሳ አረቄ ቤት አምሽቼ እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም አለ። ይህ መልስ ማንንም አላረካም፤ በይበልጥ እሱን ራሱን። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ በሚቀጥለው እሑድ ወፎቹ መልካቸውን ገልጠው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በታቦቱ ይማላሉ፣ ከዚያ ሰውየው ለፖሊስ ይሰጣል።  በማግስቱ ግን አዛናው፣ ለፖሊስ የሚተርፍ ነገር ያለ አይመስለኝም ብሎ በሰው ፊት ጠመንጃውን ሲወለውል መዋሉ ተወራ።

በዚያ ሳምንት እናኑ ወፍጮ ቤት ሠርክአዲስን አገኘቻት። ሴትየዋ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። እናኑን አቅፋ አለቀሰች፣ አበልጄ ወፏ ማን ትሆን፣ በምን በድለናት ይሆን አለቻት። እናኑ እህሏን ሳታስፈጭ ተመለሰች። ልቧ ግን አልተጠራጠረም፤ ያዘነችው እውነት ስለከበዳት ነበር።

ቅዳሜ ታናሽ ወንድሟ ባምላኩ መጣ። ባምላኩ በፍኖተ ሰላም መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ሥነ ልቦና ያስተምራል፤ እሷ አሳድጋው፣ እሷ የጓሮዋን አትክልት እየሸጠች አስተምራው ሰው የሆነ ልጅ ነው። ስኳርና የባትሪ ድንጋይ ይዞላት ሲመጣ ሁልጊዜ የመንደሩ ሰዎች በከተማ ጫማው ይቀልዱበታል። የዚያን ዕለት ግን ፊቷን ሲያይ ምን ሆነሻል አላት፤ እሷም ለሌላ ሰው ያልተናገረችውን ሁሉ፣ ከትከሻው እስከ ፊቱ፣ አፈሰሰችለት። ነገ ልትምል ነው።

ባምላኩ መቀመጫውን ወደ እሷ አስጠጋ። ከዚያ፣ “እታለም፣ አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ” አላት።

“የምን ጨዋታ ነው በዚህ ቀን?”

“ግዴለሽም። እምጠራልሽን ስሚና ያዥው” ብሎ ዓይኗን እያየ ቀስ ብሎ ጠራላት። “ሞፈር። ቀንበር። ማረሻ። ዕርፍ። ምራን። ድግር። ጅራፍ። ወገል። ትልም።” ከዚያ ስለ ውዳሴ ጠየቃት፣ ስለ ጤፉ ጠየቃት፣ ጠላ ቀድታለት ጠጣ። ወሬው ሌላ ቦታ ከሄደ በኋላ፣ “ቅድም ኸጠራሁልሽ ውስጥ ጅራፍ ነበረ?” አላት።

“ነበረ።”

“ድንጋይስ?”

“አልነበረም።”

“በሬስ?”

“ነበረ እንጂ” አለች፣ በጥያቄው ተሰላችታ።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አንተ ልጅ፣ በገብርኤል እምልልሃለሁ። ቀንበር አልክ፣ በሬ አልክ። ስትለው አፍህን አይቻለሁ።”

ባምላኩ አልሳቀም። እኔ በሬ የሚል ቃል አልወጣኝም አላት። አላመነችውም። እንደገና ጠራላት፤ በሬ አልነበረም። ልጆቹን በክፍል ውስጥ በዚሁ እየፈተነ ሲስቅባቸው እንደከረመ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በሬ ብለሃል ብለው እንደሚሟገቱት ነገራት። የሰው ልብ ያየውን እንዳለ የሚያስቀምጥ ጎተራ አይደለም አላት፤ የጎደለውን እየሞላ፣ ይሆናል ያለውን ሆኗል እያለ በየጊዜው አዲስ አድርጎ ነው የሚሠራው። ሞፈርና ቀንበር ካለ በሬ መኖር አለበት ይላል፣ ያመጣዋልም። የሚያስፈራው፣ ያመጣው በሬ ከእውነተኛው በሬ ምንም አይለይም፤ ቀንድም ጭራም አለው። “አገሩ ሁሉ የተነጠቀ መሬት፣ ቂም፣ መሻገሪያ እያለ ሲጠራልሽ ከረመ። ወንዳወቅን ያመጣሽው አንቺ ነሽ እታለም። የመጀመሪያው ዕለት ፊት አልነበረም፤ አሁን አንቺው ነገርሽኝ።”

እናኑ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ፊት የሌለውን ሰው ፈለገችው። ጉብታው ላይ ወጣች፣ ቁልቁል አየች፣ ሰውየው ወጣ፣ ጋቢው በግራ ትከሻው ነው፤ አትዙር አለችው በልቧ፣ ባክህ አትዙር። ዞረ። ወንዳወቅ ነው። ወንድሟ ያለው እውነት እንደሆነ አምናለች፣ በሬው አሳምኗታል፤ ፊቱ ግን አልጠፋም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርታ አታውቅም፤ ጅብ ከደጅ ቢመጣ ትጮኻለች፣ ከገዛ ጭንቅላት ውስጥ የመጣውን በማን ይጮኹበታል።

“ሂጂ ለሽማግሌው ንገሪ። ቃልሽን አንሺ፤ ነገሩ ይፈርሳል” አላት ባምላኩ። ተማሪ ቤት የዋለ ሰው አንድ ነገር ገብቶት ሲያስረዳ ነገሩ የሚያበቃ ይመስለዋል።

አያ ዓለምብርሃን ከአውድማው ዳር አገኟት። እስክትጨርስ አዳመጧት፣ አላቋረጧትም። ከዚያ በርኅራኄ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል፣ አበልጅሽ ነው፣ ጨከን ማለት ከብዶሽ ነው አሏት። የለም ፊቱን አላየሁም ብትል፣ አየሁ ብለሽ ነግረሽኛል አሏት። ያኔ የተናገርኩት ከሰው ሰምቼ ነው ብትል፣ ሌሎቹስ አሏት፤ እያንዳንዱ ብቻውን መጥቶ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ በጆሮዬ የነገረኝ ነው፤ አንቺ ብትቀሪ እነሱ ይምላሉ። ሌሎቹ የሰሙት ከእኔ ነው፣ እርስዎ ከዋርካው ሥር ያሰሙት የኔን ቃል ነው ስትል ግን ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ሰባ ዓመት በኖሩበት ሥርዓት ላይ የተነሳ ጥያቄ መሆኑ ገባቸው። ይህን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ እንዳልሰማው አሏትና ፊታቸውን ወደ ምርቱ አዞሩ።

ስለዚህ ወደ ወንዳወቅ ቤት ሄደች። ወፏ እኔ ነኝ ልትለው፣ ዛሬውኑ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወዲያ ወደ ቆላው ሽሽ ልትለው ነው። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። ሠርክአዲስ ከደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቆርጣለች፤ ባሏን በእጇ አመለከተቻት እንጂ አልተነሳችም። ወንዳወቅ መደብ ላይ ነው። ጢሙን ተላጭቷል፣ ነጭ ልብስ ለብሷል፤ እናኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካየችው ሁሉ የተረጋጋ ሰው ሆኖ አገኘችው፤ ይኼው ነገር ከሁሉ በላይ አስደነገጣት።

“አበልጄ፣ ወፏ እኔ ነኝ” አለችው። “እርስዎን ግን አላየሁም። ትከሻ ነው ያየሁት። ፊቱን ልቤ ነው ያመጣው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ አሁኑኑ ኸዚህ አገር ይውጡ።”

ወንዳወቅ አልተቆጣም። “አትጨነቂ አበልጄ” አላት። “አስታውሻለሁ።”

“ምኑን?”

“ሁሉንም። መጀመሪያ ምንም አልነበረኝም፤ ጨለማ ነበር። ሌት ተቀን ሳስበው ከረምኩ። ይኸን ሁሉ ሰው እግዜር አያሳስተውም፣ አንድ ነገር ብሠራ ነው አልኩ። ኋላ ቀስ እያለ መጣልኝ። ጋቢዬን በግራ ትከሻዬ ጥየዋለሁ። እጅጉ ኸመሻገሪያው ቆሞ ሳቀብኝ። ዱላዬን አነሳሁ። ኋላ በውኃው አጠብኩት፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፣ እጄ ላይ አሁንም ይሰማኛል።”

እናኑ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይህ ሁሉ የወፍ ቃል ነው። ግራ ትከሻው የሷ ነው፣ ዱላ ማጠቡ የሌላ ሰው ነው፤ ሰውየው የሰማውን ሁሉ ለቃቅሞ ነፍሱ ላይ ሰፍቶታል። ሰክሮ ያለፈባት ያቺ ባዶ ምሽት አፏን ከፍታ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ሲወረውርባት ከረመ፣ ሞላች። ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ አላት። ለአዛናውም ጧት ሰው ልኬበታለሁ፤ ነገ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ሥር እወድቃለሁ፣ ደሙ ይድረቅ አላት። ሲናገር ፊቱ ላይ እፎይታ ነበረ። አለማወቅ ከመወንጀል ይልቅ አሰቃይቶት ኖሯል።

ሊሸኛት ተነሳ። ጋቢውን ከመደቡ በቀኝ እጁ አነሳና በቀኝ ትከሻው ላይ ጣለው። እናኑ እዚያው ደርቃ ቀረች።

ወንዳወቅ ጋቢውን ሁልጊዜ በቀኙ ነው የሚጥል። ኤርትራ ዘምቶ ጥይት ግራ ትከሻውን ሰብሮታል፤ እንኳን ጋቢ የሸሚዝ ስፌት ሲነካው ይቆረቁረዋል፣ እጁም ከደረቱ በላይ አይነሳም። ይህን እሷ ታውቃለች፤ ውዳሴ ክርስትና ስትነሳ እንኳ ሕፃኗን በቀኙ ብቻ ነበር ያቀፋት። አያ ዓለምብርሃን ያውቃሉ። ከዋርካው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጆች እንኳ አረማመዱን እየቀዱ ሲጫወቱ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይለጥፋሉ። ያ ሁሉ ሰው ሦስት እሑድ ሙሉ በግራ ትከሻው ሲባል ሰምቶ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ይኼማ ወንዳወቅ አይደለም አላለም። የሚያውቁት ሌላ፣ የሚያምኑት ሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ከረሙ።

“ትከሻዎ” አለችው። “አበልጄ፣ ግራ ትከሻዎ እኮ ጋቢ አይችልም። ያ ሰው እርስዎ አይደሉም።”

ወንዳወቅ ግራ ትከሻውን እንደ ሌላ ሰው ትከሻ አየው። ብዙ አሰበ። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሊበራ ደረሰ።

“ያን ለት ችሎ ነበር” አለ።

ከዚያ ቤት ስትወጣ እየሮጠች ነበር። አያ ዓለምብርሃንን ይዛ ልትመለስ ነው፤ ቃሏን ባያምኑ ዓይናቸው ያያል፣ ጋቢውን አንስተው ግራው ላይ ይጣሉለትና ሲንሰፈሰፍ ይዩት። ይህን የሚክድ ሽማግሌ የለም። መዳኛው ተገኝቷል፤ ከድንጋጤዋ ይልቅ ደስታዋ በለጠ። ከጉብታው ላይ ስትወጣ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። አንድ ጥይት ከኋላዋ ጮኸ። ወዲያው የሠርክአዲስ ድምፅ ተከተለ፤ ቃል አልነበረውም።

እናኑ መሮጥም መመለስም አቃታት። ቆማ ሳለች ከታች፣ ከመሻገሪያው በኩል አንድ ሰው ወጣ። ጠመንጃው በቀኝ ትከሻው ነው። ጋቢውን አጣጥፎ በግራ ትከሻው ጣል አድርጎታል፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው በሌላ ትከሻው ሊጥል አይችልም። ወደ ባሕር ዛፎቹ አቀና። ከዚያ ዞረ፣ ጉብታው ላይም አያት።

“እንደምን አመሸሽ፣ እታለም እናኑ” አላት አዛናው።

“እግዜር ይመስገን” አለች፤ አፏ ነው ያለው።

“ደሙን መለስነው” አለና መንገዱን ቀጠለ።

በዚያች ቅጽበት በእናኑ ጭንቅላት ውስጥ ያ የጥቅምቱ ሰው እንደገና ከመሻገሪያው ወጣ፤ ዞረም። ፊቱ አዛናው ነበር። ጥርሱ የሚስቅ፣ ዓይኑ የማይስቅ። ቁመቱ እሱው፣ አረማመዱ እሱው፣ ትከሻው እሱው፤ ወንዳወቅ እዚያ ቦታ ኖሮ የማያውቅ ያህል ጠፍቷል።

ለወንዳወቅ ሞት አውጫጭኝ አልተቀመጠም። ገዳዩን ሁሉም ያውቃል፣ ምክንያቱንም ሁሉም ያውቃል፤ ደም ተመለሰ ተባለ፣ ፖሊስ ሲመጣ እንደ ልማዱ ማንም አላየም። በተዝካሩ ማግሥት እናኑ ወንድሟን ከጓሮ ወስዳ ነገረችው። አዛናው ነው፣ ወንድሙን የገደለው ራሱ ነው፣ ወንዳወቅንም የገደለው ነገሩ በእሱ ላይ እንዲዘጋ ነው፣ አሁን ፊቱን እንደ ቀን ብርሃን አየዋለሁ አለችው።

ባምላኩ በለሆሳስ፣ “መቼ ነው ፊቱ የመጣልሽ?” አላት።

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከጥይቱ በኋላ ነው። ጉብታው ላይ ካየችው በኋላ ነው። ያገሩ ወንድ ግማሹ ጋቢውን በግራ ነው የሚጥል። ባምላኩ ሌላ ምንም አልጠየቃት፣ አላጽናናትምም፤ ከተማ ሲገባ ለተማሪዎቹ ያንን የበሬ ጨዋታ ዳግመኛ እንዳላጫወታቸው ኋላ ተሰምቷል።

እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ አንድ ነፍሰ ገዳይ በየእሑዱ ከፊቷ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ሰላምታም ይሰጣታል፣ የምታውቅበት እሷ ብቻ ናት። እውነት ካልሆነ ደግሞ በአንድ አፏ ሁለተኛ ሰው ልታስገድል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግራት ያው ልቧ ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ ጊዜ አምናዋለች። ስለዚህ ዝም አለች፤ ሠርክአዲስ በደጇ ስታልፍ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

አሁን ውኃ የምትቀዳው ሩቅ ካለው ምንጭ ነው፣ ወደ መሻገሪያው አትወርድም። ቢሆንም ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሰውየው ይመጣል። ከወንዙ ይወጣል፣ ጋቢው በግራ ትከሻው ነው፣ ጥቂት ይሄድና ይዞራል። አንዳንድ ቀን ወንዳወቅ ነው፣ ብዙውን ቀን አዛናው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን፣ ጎመን ስትቆርጥ ቀና ብትል፣ ዞረና ባምላኩን ሆነ። እናኑ ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ ወንድሟ ያን ገበያ ቀን የት እንደዋለ ለማስታወስ ሞከረች።